ሰባተኛው ሣጥን

ወንድሜ ቅጹን ይዞ ቤቴ የመጣው እሑድ ጠዋት ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና የረጠበ ኮቱን ሳያወልቅ ቁጭ አለ። እሱን ለማያውቅ ሰው ኮት ሳያወልቁ መቀመጥ ምንም አይደለም። እኔ ግን አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ። ኮቱን ካላወለቀ አንድ የማይነግረኝ ነገር አለ ማለት ነው።

«ይቺን ሙዪልኝ» አለኝ። «እስከ ዓርብ ትፈለጋለች።»

ወንድሜ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት በሰው ሕንፃ ጣሪያና ጉድጓድ ውስጥ ኖሯል። የሥራ ባልደረቦቹ «ብሎን» ይሉታል፤ ያለ መፍቻ አይፈታም ለማለት ነው። እኔ ደግሞ ከሥራ በኋላ ለሚማሩ ሰዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ቲቸር» ነው የሚለኝ፣ እሱ ራሱ ሳይቀር። እኔ ግን ጋሼ እለዋለሁ። አባታችን ሲሞት እሱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ መፍቻ ያዘ፣ እኔ ደብተር ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የሚጻፍ ነገር ሲመጣ ወደ እኔ፣ የሚፈታ ነገር ሲመጣ ወደ እሱ ነው። እንዲህ ተካፍለን ኖርን።

ቅጹ አሥር ሣጥን አለው። የሚሠራበትን ድርጅት ባለፈው ዓመት የውጭ ሰዎች ገዝተውታል፤ ሪፖርት የሚያነበው ቢሮ ባሕር ማዶ ስለሆነ ከእንግሊዝኛ ሌላ አያውቅም። ዘጠኙን ሣጥን ሞልቷል። ስም፣ ቀን፣ የሕንፃው ፎቅ ብዛት፣ ስድስት። የተጎዳ ሰው፣ አንድ። የጉዳቱ ዓይነት፣ የግራ እጅ አንጓ ስብራት። ሰባተኛው ሣጥን ግን ግማሽ ገጽ የሚያህል ሆኖ ሳለ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀምጦበታል። ሊፍቱ በደንብ አልቆመም። ጠገንኩት።

ሳቄ መጣ። «ጋሼ፣ የጠየቁህ እኮ ይኼን አይደለም። አደጋው ከመድረሱ በፊት ምን ሲካሄድ ቆይቶ ነበር፣ ለምን ያህል ጊዜስ ሲካሄድ ቆይቶ ነበር ነው የሚለው።»

«እሱስ ገብቶኛል» አለ።

እኔ ሰው ገባኝ ሲለኝ አላምንም፤ የሙያ በሽታ ነው። ሻይ ቀዳሁለትና ማስተማሬን ጀመርኩ።

«ፈረንጆቹ ለዚህ ነገር ለብቻው የተሰፋለት የግስ ልብስ አላቸው። ፓስት ፐርፌክት ፕሮግረሲቭ ይሉታል። አንድ ነገር ድንገት ሆነ እንበል። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ነገር ሳያቋርጥ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ሲሄድ ቆይቶ እዚያው ድረስ መጥቷል። ያንን ነው የሚናገረው። ቅድም በር ስከፍትልህ ዝናቡ አባርቷል። እኔ ዝናቡን አላየሁትም፤ ኮትህን ነው ያየሁት። ስለዚህ ሲዘንብ ቆይቶ ነበር እላለሁ። ኢት ሃድ ቢን ሬኒንግ።»

«ነበር ባይሰበር» አለና ሻዩን አማሰለ።

ቀልዱ ቀልድ ሆኖ ነገሩ ከባድ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት በዚያ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ከሊፍቱ ሊወጡ እግራቸውን ሲያነሱ ሊፍቱ አንድ ስንዝር ተንሸራቶ ወረደ። ተደናቅፈው በእጃቸው ወደቁ። ወንድሜ ሄዶ ማሽኑን ሲከፍተው የፍሬኑ ሸራ ሙልጭ ብሎ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጫል። ቢሮው «የጥገና ጉድለት» ብሏል። እስከ ዓርብ ሰባተኛው ሣጥን ላይ በቂ ምክንያት ካልተጻፈ የሥራ ፈቃዱን ይነጥቁታል። ጡረታ ሊወጣ የቀረው ሁለት ዓመት ነው። ያለ ፈቃድ ሊፍት መንካት አይችልም፤ ያለ ሊፍት ደግሞ እኔ ወንድሜን ማሰብ አልችልም።

«የፍሬን ሸራ ስንት ጊዜ ይቆያል?» አልኩት።

«እንዲያ ባለ ሕንፃ ሁለት ዓመት።»

«ያኛው መቼ ነው የተቀየረው?»

«የጥገና ካርዱ ላይ ከሰባት ወር በፊት ይላል።»

«ታዲያ ምን በላው?»

«እንጃ።»

«እንዴት እንጃ? አንተ ሊፍት ሲያስነጥስ የምታውቅ ሰውዬ?»

«ዝም አይነቅዝም፣ ቲቸር» አለና ተነሣ። ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ እያነከሰ ደረጃውን ወረደ። ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ገና ሁለት ወሩ ነው።

ሙዪልኝ ብሎ አምጥቶ የሚሞላውን አለመናገር ምን የሚሉት ነው? ነገሩ ከነከነኝ። እኔ የማላውቀው ነገር ካለ እህል አይበላልኝም። ልጅ ሆኜ የአባታችንን ሬዲዮ ፈታትቼ ውስጡ የሚያወራውን ሰውዬ ፈልጌያለሁ። መልሶ የገጣጠመው ያው ወንድሜ ነው፤ ያኔም ቢሆን ለአባታችን አልተናገረም።

ሰኞ ክፍል ገባሁና ሰሌዳው ላይ አንድ ጎዶሎ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ሊፍቱ ከመበላሸቱ በፊት እንዲህ ሲሆን ቆይቶ ነበር፤ እንዲህ የሚለውን እናንተ ሙሉት አልኳቸው። አይኔን በጨው አጥቤ የቤቴን ጣጣ ለተማሪ ሰጠሁ። አንዱ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ሊፍቱ ሲወጣና ሲወርድ ቆይቶ ነበር አለ። ትክክል። የምግብ ቤቱ አብሳይ፣ ሊፍቱ ሲያጉረመርም ቆይቶ ነበር አለ። እሱም ትክክል፤ ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ የምትቀመጠው የሆቴል ክፍል አጽጂ ግን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ማን ነው ያየው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሲሆን የቆየውን። እኔ ክፍል ሳጸዳ እንግዳው ምን ሲያደርግ እንደቆየ ከአንሶላውና ከመስኮቱ አውቃለሁ። ሲያነብ ይሁን ሲያጨስ ይሁን፣ ገብቼ ስላየሁ ነው። እርስዎ ግን ሊፍቱን አላዩትም።»

ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ። ልጅቷ እውነቷን ነው። በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ቅጹን በቦርሳዬ ይዤ፣ ለወንድሜ ሳልነግር ወደ ሕንፃው ሄድኩ።

ሕንፃው እንደማንኛውም ሕንፃ ነው። ከታች የፖስታ ሣጥኖች፣ አንድ የደረቀ አበባ፣ የልብስ ሰፊ ሱቅ። የሱቁ በር ፊት ለፊት ሊፍቱ። ልብስ ሰፊዋ በዕድሜ ከእኔ ከፍ የሚሉ ሴት ናቸው፤ ሦስት መርፌ በከንፈራቸው ይዘው የሱሪ ጫፍ ያጥፋሉ። ቀና ብለው አዩኝና ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔም ቀጥ ብዬ ሊፍቱ ውስጥ ገባሁ።

ሊፍቱ ተጠግኗል፤ ይሠራል። ግን የተለመደ ሊፍት አይደለም። ከቁልፎቹ በላይ ሰው ኮቱን የሚሰቅልበት መስቀያ ተመትቷል። ከመስቀያው ጎን መዳፍ የምታህል ክብ መስታወት አለች፣ ከኋላ የቆመውን ሰው እንድታሳይ ዘንበል ተደርጋ። ጥግ ላይ የምትታጠፍ በርጩማ ተደግፋለች። ከመስታወቷ ሥር ደግሞ በላስቲክ የተሸፈነች ወረቀት ተለጥፋለች፤ ጽሕፈቷ ተጠንቅቆ የተጻፈ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት መነሻ። ሦስት ተኩል ዕረፍት፣ አሥር ደቂቃ። ስድስት ሰዓት ምሳ። ስምንት ሰዓት መነሻ። አሥራ አንድ ሰዓት ማብቂያ። እሑድ የለም።

ሁለት ጊዜ አነበብኳት። የአንድ ሰው የሥራ ሰዓት ናት። ሊፍት ደግሞ ሠራተኛ የለውም።

ወጥቼ ወደ ሱቁ ሄድኩ። «እትዬ፣ እዚያ ውስጥ ያለችው ወረቀት የማን ናት?»

«የቷ ወረቀት?» አሉ መርፌዎቹን ሳያወጡ።

«የመነሻና የማብቂያ ሰዓት ያለባት።»

«አላየኋትም እህቴ። እኔ በደረጃ ነው የምሄደው።»

ሱቃቸው ምድር ቤት ነው፤ ወዴት ነው በደረጃ የሚሄዱት? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይኼ ነው። «እኔ የሊፍቱ ጠጋኝ እህት ነኝ» አልኳቸው።

መርፌዎቹ አንድ በአንድ ከከንፈራቸው ወጥተው የመርፌ ትራሷ ላይ ተሰኩ። «የብሎን? ጉልበቱ እንዴት ሆነለት?»

«እያነከሰ ነው። ከሥራ ሊያባርሩት ነው። ከአደጋው በፊት ሊፍቱ ምን ሲሆን እንደቆየ በጽሑፍ ካላስረዳ ፈቃዱን ይነጥቁታል።»

ሴትየዋ ሱሪውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ወደ ሊፍቱ አዩ። «እንግዲህ እኔ ምንም አላልኩሽም» አሉ።

«ምንም አላሉኝም።»

«ድሮ እዚህ ሕንፃ ላይ ሰው አይተዋወቅም ነበር። ሊፍቱ ውስጥ ገብተን ሁላችንም ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የምናየው። እሳቸው ከተሾሙ ወዲህ ነው የአራተኛ ፎቋ ልጅ መውለዷን ያወቅነው። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ሰውዬ እንኳ፣ ሰላም የማይለው፣ አሁን ገና ከመግባቱ ሳቅ ይላል። ወር ሊሞላው ነው ሕንፃው ዝም ካለ። እኔ ሊፍቱ ሲወጣ ሲወርድ ካልሰማሁ መስፋት አቅቶኛል።» እንደገና መርፌዎቹን አነሡ። «ስድስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ጋሽ ሹፌር ብለሽ አንኳኪ። እኔ ግን ምንም አላልኩም።»

ጋሽ ሹፌር በሩን የከፈቱት በቀኝ እጃቸው ነው፤ ግራው ጀሶ ውስጥ ነው። ሰውየው ረዥም ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ሳሉ እንኳ የተተኮሰ ሰማያዊ ጃኬት ለብሰዋል። የት መሥሪያ ቤት ነው የላከሽ አሉኝ። ስለ አደጋው ልጠይቅዎ ነው አልኳቸው፤ ማንነቴን ግን አልነገርኩም። አስገቡኝና ወንበር ሰጡኝ፤ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ነው፣ መንገዱን የሚያሳየው።

«ያን ቀን በአጋጣሚ ነው የገባሁት» አሉ ቀድመው። «እኔ ሊፍት አልወድም፣ ልጄ። በደረጃ ነው የምሄደው።»

በዚህ ሕንፃ ሁሉም ሰው በደረጃ ነው የሚሄደው። «ታዲያ መስቀያው የማን ነው፣ አባባ?»

«የምን መስቀያ?»

«የጃኬት መስቀያ። እርስዎ የለበሱት ጃኬት አንገቱ ላይ ማንጠልጠያው ተበጥሶ በሌላ ክር ተሰፍቷል። ልብስ ሰፊዋ ናቸው የሰፉልዎ መሰለኝ። ብዙ ጊዜ ሲሰቀል የቆየ ጃኬት ነው።» የአጽጂዋ ትምህርት ነው፤ እኔ አንሶላ ባላገኝ ማንጠልጠያ አገኘሁ።

ሽማግሌው ጃኬታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። አሁንም አልተበገሩም። «ሴትዮ፣ የሊፍቱ ልጅ ጥፋት የለበትም። እኔ ነኝ እግሬን ሳላይ ያነሣሁት። እንዲህ ብለሽ ጻፊ።»

«የሊፍቱ ልጅ ወንድሜ ነው» አልኳቸው።

ጀሶ ውስጥ ያለውን እጃቸውን በቀኝ እጃቸው ደግፈው ተቀመጡ። አንጀቴን በሉት። «ሊያባርሩት ነው?» አሉኝ፤ አዎ አልኳቸው። የቀረውን ያለ ጥያቄ ነገሩኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ጡረታ ወጡ፣ በዓመቱ ባለቤታቸው ሞቱ። ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው አውቶቡስ ሲያልፍ ማየት ጀመሩ። እጄ መያዣ አጣ፣ አሉኝ፤ ተሳፋሪ የሌለበት ቀን አይመሽልኝም። አንድ ጠዋት ዳቦ ሊገዙ በሊፍት ሲወርዱ አንዲት ጎረቤት ዕቃ ይዛ ገባች፤ ስንተኛ ልበልሽ ብለው ቁልፉን ተጫኑላት። አመሰገነቻቸው። ዳቦውን ረስተው አብረዋት ወጡ፣ ሌላ ሰው ጠራ፣ ወረዱ። ያን ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ከሊፍቱ አልወጡም። በማግስቱ ጃኬታቸውን ለብሰው መጡ። ይኼ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል።

«ወንድሜ መቼ አወቀ?»

«ከአደጋው አሥራ አራት ወር በፊት። ላይ ወጥቶ ሞተሩን በእጁ ሲነካው እንደ መጥበሻ ይጋላል። ወርዶ ገባና ምንም ሳይል ከጎኔ ቆመ። አንድ ጠዋት ሙሉ አብሮኝ ወጣ፣ አብሮኝ ወረደ። እኔ አሁን ያባርረኛል ብዬ ልቤ ተንጠልጥሏል። ልክ በዕረፍት ሰዓቴ ከቦርሳው መሰርሰሪያ አወጣና መስቀያውን መታልኝ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ? ይንዱ፤ ፍሬኑን ለእኔ ይተዉት አለኝ።»

ስለዚህ ወንድሜ በየሁለት ወሩ እየመጣ ሸራውን ሲቀይር ቆይቷል። ከሌላ ሕንፃ የወለቁትን፣ ገና ዕድሜ ያላቸውን መርጦ እየያዘ። ካርዱ ላይ ግን ጊዜው ከደረሰው አንዱ በቀር አልጻፈውም። ቢጽፈው ቢሮው ለምን ቶሎ አለቀ ብሎ ይጠይቃል፤ ለምን ከተባለ ጋሽ ሹፌር ይወጣሉ። የሕንፃው ኮሚቴ ይከለክላቸዋል፤ ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸውም ይኸው አላልኩም ብላ ጓዛቸውን ጠቅልላ ትወስዳቸዋለች። ለብዙ ጊዜ ብቻህን አትኑር እያለች ስትለምናቸው ቆይታለች። ከዚያ የወንድሜ ጉልበት መጣ። አራት ሳምንት ተኛ። በእሱ ቦታ የተላከው ልጅ ካርዱን አየ፤ ሰባት ወር እንኳ አልሞላውም ብሎ ማሽኑን ሳይከፍት ሄደ። ልጁ ምን ያድርግ፣ የተጻፈውን አመነ።

«የእኔን ስም ጻፊው» አሉኝ ስነሣ። «ሊፍቱን ሲያደክመው የቆየው ይኼ ሽማግሌ ነው ብለሽ ጻፊ። ልጄ ጋ እሄዳለሁ። የእሷም ሕንፃ ላይ ሊፍት ይኖራል።» ሳቁ። ግን ሲያስወጡኝ እስከ ሊፍቱ አልሸኙኝም፤ በራቸው ላይ ቆመው ቀሩ።

ረቡዕ ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ሐሙስ ጠዋት አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ከአደጋው በፊት ነዋሪዎች ሊፍቱን ከመጠን በላይ ሲጠቀሙበት ቆይተው ነበር። ሃድ ቢን ዩዚንግ። እውነት ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ወንድሜን ያድናል። በራሴ ኮራሁ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሄጄ ቅጹን ፊቱ ላይ ዘረጋሁና በተለየ ወረቀት የጻፍኩትን አነበብኩለት።

ከማን እንደሰማሁ አልጠየቀኝም። «ነዋሪዎች ማለት ማን ነው?» አለኝ።

«ነዋሪዎች ነዋ።»

«የትኞቹ ብለው ይጠይቃሉ። ኮሚቴው በሁለት ቀን ውስጥ ጋሽ ሹፌርን ያወጣቸዋል።»

«ራሳቸው ጻፊው ብለውኛል እኮ።»

«እሳቸውማ ይላሉ።»

«ጋሼ፣ ሃያ ሰባት ዓመትህ ነው። ሁለት ዓመት ነው የቀረህ። ሰውየው ልጅ አላቸው፣ የሚወስዳቸው አላቸው። አንተን ማን ይወስድሃል?» ድምፄ ከፍ አለ። ተናድጄ ነበር፤ ደግሞም ፈርቼ ነበር። «ሸራውን የጨረሱት እሳቸው ናቸው፤ ውሸት አልጻፍኩም።»

«ሸራ ያልቃል፣ ለማለቅ ነው የተሠራው። እኔ ነኝ ያልቀየርኩት። ከሆስፒታል ከተመለስኩ በኋላ ሁለት ሳምንት ነበረኝ። የማሽን ክፍሉ ደረጃ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ለሚቀጥለው ሳምንት፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አልኩ። ካርዱ ላይ ብጽፍ ኖሮ ደግሞ ልጁ ያየው ነበር። እጃቸው የተሰበረው በእኔ ነው፣ ቲቸር።» ይኼን ሁሉ ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «እስክሪብቶ አለሽ?»

መጨረሻውን አሁኑኑ ልናገርና ልገላገል። ፈቃዱን ነጠቁት። ደብዳቤው የመጣው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው፤ ጨዋ ደብዳቤ ነበር፣ ስለ ሐቀኝነቱ ያመሰግነዋል፣ ከዚያ ይነጥቀዋል። ጡረታው እስኪደርስ ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጡት። ብሎን ብሎን ይቆጥራል ብለው የሥራ ባልደረቦቹ ሳቁበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ቢሮው ስለ ጋሽ ሹፌር አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። የዚያ ሕንፃ የፍሬን ሸራ በየሁለት ወሩ ይቀየር የሚል ትእዛዝ ብቻ መጣ፤ በወንድሜ ቦታ የተተካው ልጅ ይቀይራል፣ ካርዱም ላይ ይጽፋል። ሽማግሌው ጀሷቸው ሲፈታ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። እስክሪብቶዬን ሰጠሁት። ይነግረኛል፣ እተረጉምለታለሁ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሱ ግን ቅጹን ወደ ራሱ አዞረና መጻፍ ጀመረ፣ በእንግሊዝኛ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻው እያቆመ። ከኋላው ቆሜ በትከሻው ላይ አሻግሬ አነበብኩ። ከአደጋው በፊት ለአሥራ አራት ወር የፍሬኑን ሸራ በየሁለት ወሩ ስቀይር ቆይቼ ነበር። ይህንን ከካርዱ ላይ ስደብቅ ቆይቼ ነበር። ሊፍቱ ከተለመደው አሥር እጥፍ ሲሠራ መቆየቱን አውቅ ነበር። ሁሉም ሃድ ቢን በቦታው ነው። ማወቅ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሃድ ቢን አላለም፤ ማወቅ ያንን የግስ ልብስ አይለብስምና ሃድ ኖውን ብሎ አለፈው። እሱን ተማሪዎቼ ዓመት ሙሉ ለፍቼባቸው አይገባቸውም።

የማርምበት ስሕተት ፈለግሁ። አጣሁ።

«ይኼን የት ተማርክ?» አልኩት።

«የሊፍት መመሪያ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው እኮ» አለ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ሃያ ሰባት ዓመት ምን ሳነብ የቆየሁ መስሎሽ ነው?»

አፈርኩ። የማላውቀውን ሰው ጃኬት ማንጠልጠያ ሳይቀር መርምሬ ወንድሜን ግን አንድ ቀን ምን ታነባለህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ሲናገር እየሰበረ ስለሚናገር አይችልም ብዬ ዘግቼዋለሁ። አይሰማም ብዬ ሳስተምረው፣ እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ሻዩን ሲያማስል፣ ሃያ ምናምን ዓመት።

«ታዲያ ለምን ሙዪልኝ አልከኝ?»

እስክሪብቶውን አቆመ። የመጨረሻው መስመር ላይ ደርሷል፣ ፊርማው ላይ። እጁ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ሃያ ሰባት ዓመት ከባድ ብረት ያነሣ እጅ ነው።

«ፈርቼ ነዋ» አለኝ። «ብቻዬን ሆኜ እንደማልፈርመው አውቃለሁ። ሰው አጠገቤ እንዲቀመጥ ፈልጌ ነው።»

ወንበሬን አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ፈረመ።